ድሃው በቁጥር ይበልጣል፣ ድምፅም አለው፤ ታዲያ ሀብቱ ለምን አይከፋፈልም?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «በብዙ ታዳጊ አገሮች አብዛኛው ሕዝብ ድሃ ነው። ምርጫም ይካሄዳል። ድሃው በቁጥር ከበለጠ፣ ከሀብታሙ ግብር ሰብስቦ ለብዙኃኑ የሚያውል መንግሥት ለምን አይመርጥም? ጥቅሙን ስለማያውቅ ነው? ባለሀብቶቹ ስለሚያግዱት ነው? ወይስ ያለ አብዮትና ያለ ጦርነት ሀብት ተከፋፍሎ አያውቅም?»

ሦስት ጥያቄ በአንድ ላይ ጠይቀዋል። ሦስቱንም እሞክራለሁ። (የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ድሃው ጥቅሙን አያውቅም» ከሚለው ልነሳ። ይህን አባባል ከምሁርም ከባለሥልጣንም አፍ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። በሰማሁት ቁጥር ይከፋኛል። ይህን ጉዳይ ሳጠና ከኖርኩበት ነገር ሁሉ ጋር ይጋጫል። ትንሽ ያለው ሰው ያቺን ትንሽ የሚያወጣት አስልቶ ነው። ድምፁንም እንደዚያው። ብቻ በእሱ ስሌት ውስጥ እኛ ወረቀት ላይ የምንዘነጋው አንድ ነገር አለ፦ ይህ የተገባልኝ ቃል እኔ ጋ ይደርሳል ወይ? ብዙው ነገር የሚፈታው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

የጥያቄዎ መነሻ በኢኮኖሚክስ የታወቀ ነው። በ1981 አለን ሜልትዘርና ስኮት ሪቻርድ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በሒሳብ አስቀምጠውታል። የአንድን አገር መራጮች ከድሃው እስከ ሀብታሙ በአንድ ረድፍ እናሰልፍ። መሃል ላይ የቆመውን ሰው ገቢ እንይ። ከዚያ የሁሉንም ገቢ ደምረን ለሰው ቁጥር እናካፍል። ጥቂቶች እጅግ ሀብታም ከሆኑ አማካዩን ወደ ላይ ይስቡታል። መሃል የቆመው ሰው ከአማካዩ በታች ይቀራል። ስለዚህ ሁሉም ከገቢው እኩል መቶኛ ከፍሎ የተሰበሰበው ለሁሉም እኩል ቢታደል፣ መሃለኛው ሰው ከሚከፍለው የሚቀበለው ይበልጣል። ከእሱ በታች ያሉትም እንዲሁ። ይህ ከግማሽ በላይ ድምፅ ነው። ልዩነቱ በሰፋ ቁጥር ደግሞ ማከፋፈሉ መጨመር ነበረበት።

መሬት ላይ ያለው ግን የተገላቢጦሽ ነው። የገቢ ልዩነት በብዛት የሚለካው ጂኒ በሚባል ቁጥር ነው። 0 ማለት ሁሉም እኩል ያገኛል፤ 1 ማለት አንድ ሰው ሁሉንም ጠቅልሎ ወስዷል። ደቡብ አፍሪካ በ2014 0.63 ላይ ነበረች። ብራዚል ከ0.50 በላይ ናት። የስካንዲኔቪያ አገሮች በ0.30 ዙሪያ ወይም ከዚያ በታች ናቸው። አሁን ግብሩን እንይ። የሀብታሞቹ አገሮች ስብስብ የሆነው ኦኢሲዲ ከአጠቃላይ የአገር ውስጥ ምርት በአማካይ 34 በመቶ ገደማ በግብር ይሰበስባል። የአፍሪካ አገሮች አማካይ 16 በመቶ አካባቢ ነው። የላቲን አሜሪካው ከ20 በመቶ ብዙም አያልፍም። ልዩነቱ በሰፋበት፣ ለማከፋፈል የሚሰበሰበው ገንዘብ ያንሳል ማለት ነው።

ይህን ሳስተምር ሁሌም የማነሳው አንድ ንጽጽር አለ። ከግብርና ከድጎማ በፊት ያለውን ገቢ ብቻ ከወሰድን አውሮፓና ላቲን አሜሪካ ብዙ ሰዎች እንደሚገምቱት የተራራቁ አይደሉም። የሚራራቁት መንግሥት እጁን ካስገባ በኋላ ነው። በአውሮፓ ጂኒው በእጅጉ ይወርዳል። በላቲን አሜሪካ ትንሽ ዝቅ ብሎ ይቆማል። ስለዚህ ጉዳዩ የገበያ ብቻ አይደለም። የፖለቲካ ነው።

ወደ መራጩ ልመለስ። በ2001 በቤኒን ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ወቅት ሌናርድ ዋንቼኮን የተባለ የአገሩ ተወላጅ ተመራማሪ ያልተለመደ ነገር አደረገ። እውነተኛ ተወዳዳሪዎችን አሳምኖ በተመረጡ መንደሮች ሁለት ዓይነት ቅስቀሳ እንዲካሄድ አደረገ። በአንዳንዶቹ መንደሮች ቅስቀሳው ስለ አገር ነበር፦ ስለ ትምህርት፣ ስለ ጤና፣ ስለ ሙስና። በሌሎቹ ደግሞ «ለእናንተ ለዚህ አካባቢ ይህን ይህን አመጣላችኋለሁ» የሚል ነበር። በጥቅሉ ሲታይ ብዙ ድምፅ ያስገኘው ሁለተኛው ነው። ሴቶች ግን ለአገር አቀፉ ፖሊሲ ከወንዶቹ የተሻለ ጆሮ ሰጥተዋል። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ብዙ ጊዜ ይታለፋል፤ እኔ ግን ትልቅ ቦታ እሰጠዋለሁ። በወንዶቹ የውለታ መረብ ውስጥ ቦታ የሌለው ሰው ለሁሉም እኩል የሚሠራ ሕግ ይሻለዋል።

ይህን ውጤት አይቶ «ሕዝቡ በትንሽ ነገር ይደለላል» ማለት ቀላል ነው። እስቲ ራሳችንን በዚያ ሰው ቦታ እናስቀምጥ። በአንድ በኩል አንድ ፓርቲ ከአምስት ዓመት በኋላ ግብሩ ተሻሽሎ ሁሉም ልጅ ጥሩ ትምህርት ያገኛል ይላል። በሌላ በኩል ሰፈሩን የሚያውቅ፣ በስም የሚጠራን፣ ባለፈው ዓመት ሰው ሲታመምብን ሆስፒታል አልጋ ያስያዘልን ሰው መጥቶ እንመርጥለት ዘንድ ይጠይቃል። የመጀመሪያው ላም አለኝ በሰማይ ነው። ወተቷን ያየ የለም። ሁለተኛው ትንሽ ቢሆንም እጅ ላይ ነው። ደግሞም ነገ ሌላ ሰው ሲታመም ያን ሰው ማስቀየም አይቻልም። ትንሹን መምረጥ እዚህ ጋ ሞኝነት ሊባል አይችልም። የሰማዩ ላም እንደማትወርድ ስንት ጊዜ በዓይኑ አይቷልና።

አለመውረዷን የሚያሳይ ቁጥርም አለ። ኡጋንዳ ውስጥ መንግሥት ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በተማሪ ቁጥር ልክ ገንዘብ ይመድብ ነበር። ተመራማሪዎች የ1991 እስከ 1995ን መዝገብ ከየትምህርት ቤቱ መዝገብ ጋር አመሳከሩት። ከተመደበው ገንዘብ ትምህርት ቤት የደረሰው በአማካይ 13 በመቶ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ከመቶ ብር 87ቱ መንገድ ላይ ቀረ ማለት ነው። ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች ጭራሽ ምንም አልደረሳቸውም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» በሚባልበት ዓለም ውስጥ ላለ ወላጅ «ግብር ይጨመርና ለትምህርት ይዋል» ማለት ምን ትርጉም አለው?

የድጎማ ፖለቲካም በዚሁ ነው የሚገባን። የነዳጅ ድጎማ ለድሃ ተብሎ ይጀመራል። ጥቅሙ ግን በአብዛኛው ብዙ ለሚነዳው ነው። የዓለም የገንዘብ ድርጅት ባለሙያዎች በ2012 የብዙ ታዳጊ አገሮችን መረጃ ሰብስበው ሲያሰሉ፣ የሀብታሙ 20 በመቶ ድርሻ ከድሃው 20 በመቶ ስድስት እጥፍ ነው። በወረቀት ላይ ከሄድን ድጎማውን አንስቶ ገንዘቡን ለድሃው መስጠት ይበጃል። ናይጄሪያ በጥር 1 ቀን 2012 ድጎማውን አነሳች። አንድ ሊትር ቤንዚን ከ65 ናይራ ወደ 140 ገደማ ዘለለ። አገሩ በአድማ ተዘጋ። ከሁለት ሳምንት በኋላ መንግሥት ዋጋውን ወደ 97 መለሰው። አደባባይ የወጡት መኪና ያላቸው ብቻ አልነበሩም። በአውቶቡስ የሚሄዱትም ወጥተዋል። የእነሱ ክርክር ግልጽ ነበር። ከነዳጅ ሀብታችን በእጃችን የገባው ይህ ርካሽ ቤንዚን ብቻ ነው፤ እሱንም ወስዳችሁ በምትኩ የምትሰጡንን አላየንም አሉ። በእኔ እምነት ትክክል ነበሩ። ኢኮኖሚስቱ ስለ ድጎማው የሚለው እውነት ነው፤ እነሱ ስለ መንግሥት የሚሉትም እውነት ነው።

አሁን ከኢራን ጋር እናስተያየው። በታኅሣሥ 2010 የኢራን መንግሥት የነዳጅ፣ የመብራትና የዳቦ ድጎማን በአንድ ጊዜ ቆረጠ። ጭማሪው ከናይጄሪያው ይበልጥ ነበር። ሆኖም ያን ዓይነት አድማ አልተነሣም። ምክንያቱ ቅደም ተከተሉ ነው። ዋጋው ከመጨመሩ ከሳምንታት በፊት የካሳው ገንዘብ በየቤተሰቡ የባንክ ሒሳብ ገብቶ ነበር። ሰው ሒሳቡን እያየ ነበር። ማውጣት የሚችለው ግን አዲሱ ዋጋ በሚጀምርበት ቀን ነው። በነፍስ ወከፍ በወር 455,000 ሪያል፣ በወቅቱ ምንዛሪ 45 ዶላር አካባቢ ነበር። ቃሉ ከመነገሩ በፊት ገንዘቡ ታየ። በኋላ የዋጋ ንረት በላው፤ ያ ሌላ ታሪክ ነው። ስለ አገዛዙም ያለኝን አስተያየት እዚህ አላነሳም። ሰው የሚቃወመው ማከፋፈልን ሳይሆን ባዶ ቃልን እንደሆነ ግን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም።

ሌሎች ሁለት ምክንያቶችም አሉ፤ በአጭሩ ልንካቸው። አንደኛው፣ ሰው በገቢ ረድፍ ውስጥ የት እንደቆመ አያውቅም። ይህ የድሃ ችግር ብቻ አይደለም፤ ሀብታሙም «መካከለኛ ነኝ» ይላል። በቦነስ አይረስ ዙሪያ በተደረገ ጥናት ከሚያስቡት በታች እንደሆኑ የተነገራቸው ሰዎች ለድሃ የሚደረግን ድጋፍ ይበልጥ መፈለግ ጀምረዋል። ሁለተኛው ተስፋ ነው። ኢኮኖሚስቱ አልበርት ሂርሽማን በ1973 በዋሻ ምሳሌ ገልጾታል። ዋሻ ውስጥ ሁለት ረድፍ መኪና ቆሟል። ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ነው። ድንገት የጎንዎ ረድፍ መንቀሳቀስ ሲጀምር ደስ ይልዎታል፤ የእኔም ተራ ደረሰ ይላሉ። ቆይቶ የእርስዎ ረድፍ ንቅንቅ ካላለ ደስታው ወደ ንዴት ይለወጣል። ፈጣን ዕድገት ባለባቸው አገሮች ልዩነቱ እየሰፋ ሰዉ ዝም የሚለው፣ ከዚያ ድንገት በትንሽ ነገር የሚፈነዳው ለዚህ ነው። በጥቅምት 2019 ሳንቲያጎ ውስጥ ቺሊን ያናወጠው ቁጣ የተነሳው በ30 ፔሶ የሜትሮ ጭማሪ ነው። ሰልፈኞቹ ራሳቸው «30 ፔሶ አይደለም፣ 30 ዓመት ነው» ሲሉ ነበር።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ልሂድ፤ የሚያግደው ማን ነው?

ባለሀብቱ ያግዳል፤ አዎ። ግን ከእሱ በፊት ብዙም የማይነሳ ወገን አለ። ደመወዝተኛው ነው። በብዙ ታዳጊ አገሮች ጡረታና የጤና መድን የተጀመረው ለመንግሥት ሠራተኛ፣ ለወታደርና ለትልልቅ ድርጅቶች ተቀጣሪ ነው። በግብርናና በኢ-መደበኛ ሥራ የሚኖረው ብዙኃን ውጭ ቀረ። በኋላ ሥርዓቱ ሲሰፋም ከውስጥ ያሉት መጀመሪያ የራሳቸውን አሳደጉ። ማኅበር አላቸው፣ ዋና ከተማ ይኖራሉ፣ አድማ ቢመቱ አገር ይቆማል። የብራዚል መንግሥት ለጡረታ የሚያወጣው ለድሃ ቤተሰቦች በቀጥታ ከሚሰጠው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ይህን ስል መምህሩንና ነርሷን ልወቅስ አይደለም። እነሱም የረጅም ትግል ውጤት ነው ያገኙት። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው እውነት ነው፤ ግን የሚያብረው አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የሚገናኝ ሰው ነው። በየማሳውና በየጎዳናው የተበተነው ይቸገራል።

ባለሀብቱ ደግሞ ሁለት መንገድ አለው። አንዱ ገንዘቡን ማሸሽ ነው። ጋብሪኤል ዙክማን የተባለ ፈረንሳዊ ኢኮኖሚስት ባሰላው መሠረት ከዓለም ቤተሰቦች የገንዘብ ሀብት 8 በመቶ ያህሉ ግብር በማይደርስባቸው አገሮች ተቀምጧል። ለአፍሪካ ያወጣው ግምት 30 በመቶ ገደማ ነው። ግብር ሰብሳቢው እጁ አጭር ሲሆን ወደ ፍጆታ ታክስ ይዞራል። ያን ደግሞ ሳሙና የሚገዛ ሁሉ ይከፍለዋል።

ሌላው መንገድ ሕጉ ውስጥ ቀዳዳ ማስቀመጥ ነው። የፊሊፒንስ ታሪክ ይህን በደንብ ያሳያል። በ1986 ሕዝቡ አምባገነኑን ማርኮስን በሰላማዊ ሰልፍ ጥሎ ኮራዞን አኪኖን አመጣ። በ1988 ሰፊ የመሬት ማሻሻያ ሕግ ወጣ። ነገር ግን የፕሬዚዳንቷ ቤተሰብ ራሱ አሲየንዳ ልዊሲታ የሚባል ግዙፍ የሸንኮራ አገዳ እርሻ ባለቤት ነበር። ሕጉ ውስጥ አንዲት አንቀጽ ገባች፦ ድርጅት የሆነ እርሻ በመሬት ፋንታ አክሲዮን ማከፋፈል ይችላል። የልዊሲታ ገበሬዎች መሬት ሲጠብቁ ወረቀት ተሰጣቸው። በኅዳር 2004 አድማ ላይ የነበሩ ሰዎች በጥይት ተመተው ሰባቱ ሞቱ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ መሬቱ ለሠራተኞቹ እንዲሰጥ የመጨረሻ ውሳኔ የሰጠው በ2012 ነው። ከሕጉ 24 ዓመት በኋላ። ሕጉ ሲወጣ ወጣት የነበረ ሰው አርጅቶ ነው የደረሰው፤ ከደረሰ።

ታይዋንና ደቡብ ኮሪያስ እንዴት አደረጉት? ታይዋን በ1949 የጭሰኛውን ኪራይ ከዋናው ምርት 37.5 በመቶ እንዳይበልጥ ወሰነች። በ1953 መሬቱን ለአራሹ ሰጠች። ለባለመሬቶቹ ካሳው 70 በመቶ በምርት የሚከፈል ቦንድ፣ 30 በመቶ በመንግሥት ፋብሪካዎች አክሲዮን ነበር። ደቡብ ኮሪያም በ1949 እና በ1950 በወጣ ሕግ የእርሻ ይዞታን በሦስት ሄክታር ገደበች። ሁለቱም በኋላ በፍጥነት አድገዋል። ሁለቱም ያን ጊዜ ዴሞክራሲ አልነበሩም። ግን ምስጢሩ ጡንቻ ብቻ አይደለም፤ ጡንቻ ያላቸው ብዙ አገዛዞች ይህን አላደረጉም። የታይዋን ገዢዎች ከዋናው ቻይና ተሸንፈው የመጡ ናቸው፤ በደሴቲቱ ላይ መሬት አልነበራቸውም። የሚያከፋፍሉት የሌላውን ነበር። በደቡብ ኮሪያ በኩል ደግሞ ሰሜን ኮሪያ በ1946 መሬት አከፋፍላ ድንበር ላይ ቆማ ነበር። ገበሬው ወደዚያ ቢያይስ? ፍርሃቱ እውነተኛ ነበር። በፊሊፒንስ ዋና ከተማ በማኒላ ግን ሕጉን ያወጡት ባለመሬቶቹ ራሳቸው ነበሩ።

ታዲያ ሦስተኛው ጥያቄዎ ይመጣል፦ ያለ ጦርነት፣ በምርጫ፣ ሆኖ ያውቃል? ሆኖ ያውቃል። የሆነባቸውን ሳይ የማገኘው የሚታመን ቃል የሠሩ ሰዎችን ነው። ቃል ደግሞ የሚታመነው ፖለቲከኛው ጥሩ ሰው ስለሆነ ሳይሆን ቢፈልግም ማጠፍ እንዳይችል ሲደረግ ነው።

ሜክሲኮን እንይ። ከ1989 እስከ 1994 ሶሊዳሪዳድ የሚባል ትልቅ የፀረ ድህነት መርሐ ግብር ነበራት። ገንዘቡ ድሃውን ሳይሆን የምርጫ ስሌቱን ተከትሎ ይፈሳል የሚል ክስ ይዞት ሞተ። በ1997 የተተካው ፕሮግሬሳ በሌላ መንገድ ተሠራ። ማን ይግባ የሚለው በቀመር ተወሰነ። ገንዘቡ በደላላና በሹም በኩል ማለፉ ቀርቶ በቀጥታ ለእናት ይሰጥ ጀመር፤ ልጆቿ ትምህርት ቤት ከሄዱና ጤና ጣቢያ ከታዩ። ይህ እርዳታ የማንም ፓርቲ አይደለም የሚል ማሳሰቢያ በሰነዱ ላይ ታተመ። ውጤቱም ገና ከጅምሩ በ506 መንደሮች፣ ቀድመው በገቡና ቆይተው በሚገቡ መካከል እየተነጻጸረ ተለካ። በ2000 ለ71 ዓመት የገዛው ፓርቲ በምርጫ ተሸነፈ። አዲሱ ተቀናቃኝ መንግሥት መርሐ ግብሩን አላፈረሰውም። ስሙን ቀይሮ ወደ ከተሞች አሰፋው። እስከ 2019 ዘልቋል።

የብራዚሉ ቦልሳ ፋሚሊያ በ2003 ከእሱ በፊት የነበሩትን አዋህዶ ተጀመረ። በ2014 አካባቢ 14 ሚሊዮን ገደማ ቤተሰብ ደርሶ ነበር፤ ከሕዝቡ ሩቡ ማለት ነው። ወጪው ግን ከአገሪቱ ምርት 0.5 በመቶ አካባቢ ብቻ ነበር። የክፍያ ካርዱም ከዘጠና በመቶ በላይ በሴት ስም ነበር። የተጠቃሚዎቹ ዝርዝር በመንግሥት የግልጽነት ድረ ገጽ ላይ ማንም ሊያየው ይችላል። በ2021 ይህን አስተሳሰብ ይተች የነበረ ፕሬዚዳንት ስሙን ለወጠው እንጂ ሊያቆመው አልደፈረም። በ2023 የቀድሞ ስሙ ተመለሰ። ሰው አንዴ በካርዱ የተቀበለውን ነገር መንካት ለማንኛውም ፖለቲከኛ አደገኛ ነው። የሰማዩ ላም መሬት ወርዳለች።

ከሁሉ በላይ ግን ልቤን የሚነካው የሕንዱ ራጃስታን ታሪክ ነው። በ1990 በዚያ ክፍለ ሀገር ገጠር ገበሬዎችና የቀን ሠራተኞች አንድ ማኅበር መሠረቱ። ምሬታቸው የታወቀ ነው። መንግሥት መንገድና ግድብ ያሠራል። እነሱ ይሠራሉ። በሕግ የተወሰነው የቀን ዋጋ ግን አይከፈላቸውም። ሲጠይቁ «መዝገቡ ላይ የሠራችሁት ያነሰ ነው» ይባላሉ። መዝገቡን አሳዩን ሲሉ ምስጢር ነው ይባላሉ። ከ1994 መጨረሻ ጀምሮ ነገሩን ቀየሩት። ያገኙትን የሥራ መዝገብ ቅጂ ይዘው ሜዳ ላይ ሕዝብ ሰበሰቡ። አንድ ሰው ማይክሮፎን ይዞ ከመዝገቡ ያነባል፦ ስም፣ የሠራው ቀን፣ የተከፈለው ገንዘብ። ስሙ የተጠራው ሰው ተነስቶ ይመልሳል። አንዱ ያን ያህል ቀን አልሠራሁም ይላል። ሌላዋ ሠርቻለሁ፣ ያን ያህል ግን አልተከፈለኝም ትላለች። ከዚያ የሚጠራው ስም ላይ ሰዉ ሁሉ ያጉረመርማል፤ ሰውየው ከሞተ ቆይቷልና። ሕንፃው ተሠርቶ አልቋል ተብሎ የተጻፈበት ቦታም ይነበባል፤ ጣሪያ የሌለው ግድግዳ ብቻ መሆኑን እዚያ ያለ ሁሉ ያውቀዋል። አብዛኞቹ ማንበብ የማይችሉ ሰዎች ናቸው። ግን ማን እንደሞተና ማን እንደሠራ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ ኦዲተር የለም።

ከዚያ ሜዳ የተነሣው ጥያቄ በ2005 አገር አቀፍ የመረጃ ነፃነት ሕግ ሆነ። በዚያው ዓመት ለእያንዳንዱ የገጠር ቤተሰብ በዓመት 100 ቀን ሥራ የሚያረጋግጥ ሕግ ወጣ። መዝገቡ በሕዝብ ፊት እንዲመረመርም በሕጉ ውስጥ ተጻፈ። አፈጻጸሙ ከክፍለ ሀገር ክፍለ ሀገር ይለያይ ነበር፤ ክፍያ የሚዘገይበትም ብዙ ነበር። ቢሆንም «ስጡን» ከሚል ልመና «መዝገቡን አንብቡልን» ወደሚል መብት መሸጋገሩ ለእኔ ከገንዘቡ መጠን ይበልጣል። በኡጋንዳም መንግሥት ለየወረዳው የተላከውን ገንዘብ በጋዜጣ ማውጣት ከጀመረ በኋላ ትምህርት ቤት የሚደርሰው ድርሻ ከ80 በመቶ በላይ ደርሷል። ለውጡ ሁሉ የጋዜጣው ነው ብለው የማይቀበሉ ተመራማሪዎች አሉ፤ ሌሎች ማሻሻያዎችም አብረው ነበሩ። ግን ወላጅ ስንት እንደተላከ ካላወቀ ስንት እንደጎደለ ሊጠይቅ አይችልም።

አሁን አንድ ነገር ሳልደብቅ ልናገር። እነዚህ መርሐ ግብሮች ከታች ያለውን ያነሳሉ እንጂ ከላይ ያለውን ብዙም አይነኩም። ደቡብ አፍሪካ ከ18 ሚሊዮን ለሚበልጡ ሰዎች በየወሩ ድጎማ ትሰጣለች። ያ ድጎማ ብዙ ልጆችን ከረሃብ አድኗል፤ ማንም እንዲያጣጥለው አልፈልግም። ሆኖም ከሀብቱ ከ80 በመቶ በላይ አሁንም በ10 በመቶው ሰው እጅ ነው። መሬቱ፣ ቤቱ፣ አክሲዮኑ አፓርታይድ ባስቀመጠበት አካባቢ ቀርቷል። ብራዚልም ከ2001 እስከ 2014 ጂኒዋን ከ0.59 አካባቢ ወደ 0.52 አውርዳለች፤ ከድጎማው ይልቅ ትልቁን ድርሻ የወሰዱት የዝቅተኛ ደመወዝ ጭማሪና የሥራ ገቢ ናቸው። ነገር ግን ተመራማሪዎች የግብር መዝገብ ሲከፍቱ የላይኛው 1 በመቶ ድርሻ እምብዛም እንዳልቀነሰ አገኙ። ሀብታም ሰው ለመጠይቅ አድራጊ ገቢውን በትክክል አይናገርም። ለታች ሲሰጥ የነበረው በአመዛኙ የመጣው ከዕድገቱ ትርፍ እንጂ ከላይኞቹ አልነበረም። ዕድገቱ ሲቆም ጠቡ ጀመረ።

ስለዚህ ቀጣዩ ጥያቄ ከላይ እንዴት ይሰበሰባል የሚለው ነው። እኔ የምጀምረው ከቤት ነው። ገንዘብ ወደ ውጭ ይሸሻል፤ ቪላ አይሸሽም። ሀብታሞቹ አገሮች ከንብረት ግብር ከምርታቸው 2 በመቶ ገደማ ሲያገኙ በታዳጊ አገሮች ከ0.6 በመቶ ብዙም አያልፍም። በሴራሊዮን ዋና ከተማ ፍሪታውን በ2018 የተመረጡት ከንቲባ ኢቮን አኪ-ሶየር ይህን ሞከሩ። የቆየው አሠራር የቤቱን ስፋት ብቻ ስለሚያይ ግንቡ ያማረ ቤትና ቆርቆሮ ጎጆ የሚከፍሉት ተቀራራቢ ነበር። አዲሱ አሠራር በሳተላይት ምስል ጣሪያዎቹን ቆጠረ፤ የተመዘገቡት ቤቶች ወደ እጥፍ ገደማ ሆኑ። ከዚያ ቆጣሪዎች ከውጭ ሆነው የሚታየውን ብቻ መዘገቡ፦ ግድግዳው ከምን ነው፣ መስኮቱስ፣ መንገድ ይደርሰዋል ወይ። ለእያንዳንዱ ነጥብ ተሰጠ። ባለቤቱን መጠየቅ፣ ውሉን መፈለግ አላስፈለገም። የሀብታሙ ክፍያ ወጣ፣ የድሃው ወረደ። በ2020 ማዕከላዊው መንግሥት ለጊዜው አስቁሞት ነበር፤ በኋላ ቀጥሏል። ነዋሪዎችም በየቀበሌያቸው ተሰብስበው ከተሰበሰበው ላይ ምን ይሠራ የሚለውን እንዲመርጡ ተደርጓል። ገንዘቡ ውኃ ላይ ይዋል ወይስ ቦይ ላይ ብለው።